የምንኖረው ፀሐይ ውስጥ ነው

ሜይ 10 ቀን 2024 ማታ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ብዙ ሰው ስልኩን ይዞ ደጅ ወጣ። ሰማዩ ሮዝና አረንጓዴ ሆኗል። አውሮራ የሚሉት ይህ ብርሃን ዘወትር የሚታየው ዋልታዎቹ አካባቢ ነው። ያን ሌሊት ግን ሜክሲኮ ድረስ ወርዶ ታየ። ፎቶው ዓለምን አዳረሰ። ፎቶውን ተከትሎ ወሬው መጣ። ፀሐይ ልትፈነዳ ነው፤ ኢንተርኔት ለወራት ሊጠፋ ነው፤ ስልካችሁን አጥፉ፤ ዛሬ ሌሊት ከቤት እንዳትወጡ። ወሬውን ከሚያሰራጩት አንዱን ይዛችሁ "ግን ፀሐይ ላይ የሆነ ነገር እኛ ሰማይ ላይ እንዴት ታየ? መሃሉ ባዶ አይደለም እንዴ?" ብትሉት መልስ የለውም።

ጥፋቱ የወሬኛው ብቻ ነው ማለት ግን ይከብደኛል። ሁላችንም ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ሥዕል ነው ያየነው። ጥቁር ገጽ፣ ዳር ላይ ቢጫ ኳስ፣ ከኳሷ ጎን ስምንት ፕላኔቶች ለሰልፍ እንደወጡ ተደርድረው። ሥዕሉ ላይ ፀሐይ አምፖል ናት። ታበራለች፣ ታሞቃለች፣ ጉዳይዋም ኳሷ ጠርዝ ላይ ያበቃል። እኛ ደግሞ ራቅ ብለን በባዶ ሕዋ ውስጥ እንዞራታለን። ይህን ሥዕል ይዞ ያደገ ሰው ስለ ፀሐይ ማዕበል ሲሰማ ወይ አያምንም፣ ወይ ከልክ በላይ ይደነግጣል። ስለዚህ ሥዕሉን እንደገና እንሳለው።

ከርቀቱ እንጀምር። ሁሉንም ነገር አንድ ቢሊዮን ጊዜ እናሳንሰው። ፀሐይ 1.4 ሜትር ስፋት ያላት ኳስ ሆነች፤ የአንድ ልጅ ቁመት ማለት ነው። ምድርስ? 1.3 ሴንቲ ሜትር፣ ትንሽ ብይ። ብይዋን የት እናስቀምጣት? ከኳሷ 150 ሜትር ርቃ። ጨረቃ ከብይዋ 38 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለች የ3.5 ሚሊ ሜትር ቅንጣት ናት፤ የሰው ልጅ በአካል ሄጄበታለሁ ብሎ የሚኩራራበት ርቀት እንግዲህ ይህቺው ናት። ጁፒተር 14 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 780 ሜትር ላይ ይቀመጣል። የመጨረሻው ኔፕቱን 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 4.5 ኪሎ ሜትር ላይ። ይህን የትኛው መጽሐፍ ገጽ ላይ ታስገቡታላችሁ? አይገባም። ለዚህ ነው ሠዓሊው ርቀቱን ሰርቆ መጠኑን ያበዛው። አልፈርድበትም።

በዚህ ሚዛን የብርሃን ፍጥነት በሴኮንድ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በሴኮንድ አንድ ማስመሪያ። ከእናንተ እርምጃ ያንሳል። ከኳሷ የተነሳ ብርሃን ብይዋ ጋ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ በእውነተኛው ዓለምም ቁጥሩ ያው ነው። ኔፕቱን ጋ ለመድረስ ከ4 ሰዓት በላይ ይሄዳል። ቀጣዩ ኮከብ፣ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ በዚሁ ሚዛን የት ነው ያለው? 40,000 ኪሎ ሜትር ላይ። እውነተኛዋን ምድር አንድ ጊዜ ዞራችሁ ስትጨርሱ ማለት ነው። መጀመሪያ ሳሰላው የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ አስልቼዋለሁ።

ክብደቱንም እንየው። ሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ካለው ቁስ ሁሉ 99.86 በመቶው ፀሐይ ራሷ ናት። የቀረችውን 0.14 በመቶ ፕላኔቶቹ፣ ጨረቃዎቹ፣ አስትሮይዶቹና ጅራታም ከዋክብቱ ይካፈሏታል፤ ከሷም አብዛኛውን ጁፒተር ብቻውን ወስዶታል። ምድር ቁጥሩ ሲጠጋጋ የምትጠፋ ናት።

እሳት አይደለችም

ፀሐይ እሳት ናት ብላችሁ የምታምኑ ከሆነ ብቻችሁን አይደላችሁም። ለረጅም ዘመን ሊቃውንቱም የተሻለ ሐሳብ አልነበራቸውም። ሂሳቡ ግን አልመጣ አላቸው። ፀሐይ የከሰል ክምር ብትሆን፣ አሁን በምታበራው ልክ እየነደደች ጥቂት ሺህ ዓመት ብቻ ነው የምትቆየው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ኬልቪን ሌላ መላ አመጣ፤ ፀሐይ በራሷ ስበት እየተኮማተረች ነው የምትግለው አለ። ይህም ከጥቂት አስር ሚሊዮን ዓመታት አያሻግርም። የሥነ ምድር ሰዎች ደግሞ ዓለቱን እያዩ ምድር ከዚያ በእጅጉ ታረጃለች ይሉ ነበር። ልጅ ከእናቱ በዕድሜ በለጠ ማለት ነው። የፊዚክስ ሰው ሲናገር ሌላው ዝም ይላል የሚባል ነገር አለ፤ እዚህ ክርክር ላይ ግን ልክ የነበሩት ድንጋይ ሲቆረቁሩ የሚውሉት ናቸው። ፀሐይም ምድርም ዛሬ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆናቸው እናውቃለን።

ሌላው እንቅፋት ፀሐይ ከምን እንደተሠራች አለመታወቁ ነበር። ቁሷ ከምድር ቁስ ጋር የሚቀራረብ ይመስላቸው ነበር። በ1925 ሴሲሊያ ፔይን የተባለች ወጣት ተመራማሪ ለዶክትሬት ጽሑፏ የከዋክብትን ብርሃን ተነተነች፤ የወጣላት ውጤት ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅን ናቸው የሚል ነው። በዘመኑ ስሙ የገነነው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሄንሪ ኖሪስ ራስል ግን ይህ ሊሆን አይችልም አላት። እሷም ምን ታድርግ፣ ያገኘችው ቁጥር እውነተኛ እንደማይመስል አድርጋ አለዝባ ጻፈችው። ከ4 ዓመት በኋላ ራስል ራሱ በሌላ መንገድ ሄዶ እዚያው ደረሰና ልክ እንደነበረች አመነ። በክብደት ስንለካት ፀሐይ ወደ ሦስት አራተኛዋ ሃይድሮጅን ነው፣ ወደ አንድ አራተኛዋ ሂሊየም፤ ብረቱ፣ ኦክስጅኑ፣ ካርቦኑ ሁሉ ተደምሮ 2 በመቶ ቢሞላ ነው። ሂሊየምም ቢሆን ከምድር በፊት የታየው እዚያ ነው። በ1868 በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ምልክቱ ተለየ፤ ምድር ላይ የተገኘው በ1895 ነው። ስሙ ከግሪኩ ሄሊዮስ፣ ማለትም ከፀሐይ፣ የተወሰደው ለዚህ ነው።

እምብርቷ ላይ ሙቀቱ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። እዚያ የሃይድሮጅን ኒውክሊየሶች ይጋጫሉ፣ አልፎ አልፎም ይዋሃዳሉ፤ በስተመጨረሻ አራቱ አንድ ሂሊየም ይሆናሉ። የሂሊየሙ ክብደት ግን ከአራቱ ድምር በ0.7 በመቶ ያንሳል። የጎደለችው ወዴት ሄደች? ጉልበት ሆነች። ያ ቲሸርት ላይ ሁሉ የሚታተመው የአይንስታይን ቀመር የሚናገረው ይህንኑ ነው። በየሴኮንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሃይድሮጅን ይለወጣል፤ ከዚያ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ የሚሆነው ቁስነቱ ይቀርና ጉልበት ሆኖ ይወጣል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ፀሐይን እንደ ትልቅ ቦምብ ያስባታል። ነገሩ ሌላ ነው፤ ፀሐይ በጣም ሰነፍ ምድጃ ናት። አንድ የሃይድሮጅን ኒውክሊየስ ተራው ደርሶ እስኪዋሃድ በአማካይ ቢሊዮኖች ዓመታት ይጠብቃል። የምታወጣውን ጉልበት ለክብደቷ ብታካፍሉት በኪሎ 0.0002 ዋት ብቻ ነው የሚደርሰው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በኪሎ ከ1 ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል። ኪሎ በኪሎ ከተነጻጸራችሁ እናንተ ፀሐይን በብዙ ሺህ እጥፍ ትበልጧታላችሁ። እሷን ፀሐይ ያደረጋት ግዝፈቷ ነው። በነገራችን ላይ ልትፈነዳ ነው ለሚለው ወሬም መልሱ ከግዝፈት ጋር የተያያዘ ነው፤ አንድ ኮከብ እርጅናው ላይ ሱፐርኖቫ ሆኖ እንዲፈነዳ በትውልዱ ከፀሐይ 8 እጥፍ ገደማ መክበድ አለበት። የኛዋ አትበቃም። ወደ 5 ቢሊዮን ዓመት ይቀራታል፤ ከዚያ አብጣ ቀይ ግዙፍ ትሆናለች፣ የላይኛውን አካሏን አራግፋ ትጥላለች፣ የቀረው እምብርቷ ነጭ ድንክ ሆኖ ቀስ እያለ ይበርዳል። ምድር ላይ ጣጣው የሚመጣው ግን ቀደም ብሎ ነው። ፀሐይ በዕድሜዋ ልክ እየደመቀች ስለምትሄድ አንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሲያልፍ ውቅያኖሶቹ አይተርፉም። ለፈተና ላለማጥናት ምክንያት አይሆንም።

እምብርቷ ላይ የተፈጠረው ብርሃን ወዲያው አይወጣም። ቁሱ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በየእርምጃው እየተጋጨ፣ እየተዋጠ፣ እንደገና እየተተፋ ወደዚህም ወደዚያም ሲል ይከርማል። ወደ ላይ ለመድረስ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት፣ ምናልባትም ከ100,000 በላይ ይፈጅበታል። ከዚያ ላይኛው ጠርዝ ደርሶ እኛ ጋ ለመምጣት 8 ደቂቃ። ኒውትሪኖ የሚባሉት ቅንጣቶች ግን ማንም አያግዳቸውም፤ በተወለዱበት ቅጽበት ፀሐይን ሰንጥቀው ይወጣሉ። አሁን ይህን ስታነቡ በአንዲት የጣታችሁ ጥፍር በኩል በየሴኮንዱ ወደ 60 ቢሊዮን የሚሆኑት እያለፉ ነው። ሌሊትም ቢሆን ያልፋሉ፤ ያኔ የሚመጡት ከታች፣ ምድርን በስታ ነው።

ፀሐይ ፊቷ ላይ የሚወጣባት

የምናየው ገጿ 5,500 ዲግሪ ገደማ ነው። ገጽ ስላችሁ የሚረገጥ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጠጣር የለም፣ ፈሳሽም የለም፤ ያለው ፕላዝማ ነው፣ ማለትም ከመጋሉ የተነሳ ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቹ የተላቀቁበት ጋዝ። ቀለሟም ቢጫ አይደለም። ከከባቢ አየር ውጭ ሆነው ያዩዋት ነጭ ናት ይላሉ። ቢጫ የሚያደርጋት አየራችን ነው፤ ሰማያዊውን ብርሃን ይበትንባታል።

ጠጣር አለመሆኗ አንድ ትልቅ መዘዝ አለው። ወገቧ አካባቢ በ25 ቀን አንዴ ትዞራለች፣ ዋልታዎቿ አካባቢ ግን ወደ 35 ቀን ይወስድባታል። ፕላዝማ ደግሞ መግነጢሱን ይዞ ነው የሚሄደው። እንግዲህ ወገቡ ሲቀድም፣ ዋልታው ሲዘገይ፣ የመግነጢስ መስመሮቹ እንደ ክር እየተጠቀለሉ፣ እየተወጣጠሩ፣ እየተቋጠሩ ይሄዳሉ። ቋጠሮው ገጿን ጥሶ ብቅ ባለበት ቦታ ከታች የሚመጣው ሙቀት ይታገዳል። እዚያ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። ጥቁርነቱ ከጎረቤቱ ጋር ሲተያይ ነው እንጂ ነጠብጣቡም ቢሆን ከ3,500 ዲግሪ በላይ የጋለ ነው። ሜይ 2024 ላይ ያን ሁሉ ጉድ ያመጣው የነጠብጣቦች መንጋ 15 ምድሮችን ጎን ለጎን የሚያስተኛ ነበር።

ጀርመናዊው ሳሙኤል ሽዋቤ በ1826 ፀሐይን በየቀኑ መመልከት ሲጀምር ፍለጋው ለነጠብጣብ አልነበረም። ከሜርኩሪ ይልቅ ለፀሐይ የቀረበ የተደበቀ ፕላኔት ሊያገኝ ነው። ፕላኔቱ በፀሐይ ፊት ሲያልፍ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ይሆናል፤ ከነጠብጣቦቹ ጋር እንዳይምታታበት ብሎ ነጠብጣቦቹን ሁሉ መዘገበ። 17 ዓመት ሙሉ። ፕላኔቱ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። መዝገቡ ግን የነጠብጣቦቹ ቁጥር በየአስር ዓመት አካባቢ ከፍና ዝቅ እንደሚል አሳየ። ዛሬ አማካዩ 11 ዓመት እንደሆነ እናውቃለን። በየዙሩ የፀሐይ ሰሜንና ደቡብ መግነጢሳዊ ዋልታዎች ይለዋወጣሉ። ለኔ ከፀሐይ ታሪክ ሁሉ ደስ የሚለኝ ይህ ነው፤ ሰውየው የፈለገውን አላገኘም፣ ግን መዝገብ በደንብ ይይዝ ነበር።

አሁን ያለንበት ዙር 25ኛው ይባላል። ዲሴምበር 2019 ላይ ጀመረ። ኦክቶበር 2024 ላይ ናሳና ኖኣ (የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር ተቋም) ፀሐይ የዙሩ ከፍተኛ ምዕራፍ ላይ መድረሷን አስታወቁ። በቅርብ ዓመታት የአውሮራ ፎቶ የበዛው ለዚህ ነው፤ ዓለም ልታልፍ ስለሆነ አይደለም። ቁልቁለቱም ቢሆን ጸጥ ያለ አይደለም። በ2003 ኦክቶበር የመጣው ኃይለኛ ማዕበል ዙሩ ከፍታውን ካለፈ በኋላ ነው የደረሰው።

ጠርዟ የት ነው?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። መሃሉ ባዶ ነው ወይ?

ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ሲሆን ጨረቃ ኳሷን ትሸፍናታለች፤ ያኔ ዙሪያዋን ነጭ ጸጉር የመሰለ ነገር ይታያል። ኮሮና ይባላል፣ አክሊል ማለት ነው። (ቫይረሱም ስሙን ያገኘው አክሊል ስለሚመስል ነው።) ይህ የፀሐይ አየር ነው። ገጿ 5,500 ዲግሪ ሆኖ ሳለ አክሊሉ ከ1 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ነው። ከእሳቱ ስትርቁ ሙቀቱ ሲጨምር አስቡት። መግነጢሱ እንደሚያግለው ይታወቃል፤ በምን በምን መንገድ የሚለው ላይ ግን ተመራማሪዎቹ ዛሬም ይከራከራሉ።

በ1958 ዩጂን ፓርከር የተባለ የፊዚክስ ተመራማሪ አንድ ነገር አሰላ። ይህን ያህል የጋለ አየር በፀሐይ ስበት ተይዞ ሊቀመጥ አይችልም፤ ያለማቋረጥ ወደ ውጭ መፍሰስ አለበት አለ። ጽሑፉን እንዲገመግሙ የተሰጣቸው ሁለት ሰዎች አይታተም አሉ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ቻንድራሴካር ነበር፤ ሐሳቡን ባይወደውም ሂሳቡ ላይ ስህተት ስላላገኘ አሳተመው። በ1962 ማሪነር 2 የተባለች መንኮራኩር ወደ ቬነስ ስትሄድ መንገድ ላይ ነፋሱን ለካችው። አለ። በሴኮንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነፈሰ፣ ከፀሐይ በየሴኮንዱ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ቁስ እየወሰደ። ምልክቱ እኮ ከጥንትም ዓይናችን ፊት ነበር፤ የጅራታም ኮከብ ጅራት ኮከቡ ወዴትም ቢሄድ ከፀሐይ ወደ ውጭ ነው የሚያመለክተው።

ናሳ በ2018 ወደ ፀሐይ የላካት መንኮራኩር በሰውየው ስም ፓርከር ተባለች። በሕይወት ባለ ሰው ስም ስትሰይም የመጀመሪያዋ ነበር፤ እሱም በ91 ዓመቱ ቆሞ ስትተኮስ አያት። ዲሴምበር 24 ቀን 2024 መንኮራኩሯ ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ቀረበች። በኛ ሚዛን ምድር 150 ሜትር ላይ ስትሆን እሷ 6 ሜትር ላይ ደረሰች ማለት ነው። ፍጥነቷ በሰዓት 690,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሚሊዮን ዲግሪ ውስጥ ገብታ እንዴት አልቀለጠችም? ሙቀት ከፍ ማለቱ ብቻውን አያቃጥልም፤ የሚነካችሁ ቅንጣት ብዛትም ይወስናል። የጋለ ምድጃ ውስጥ እጃችሁን ለአፍታ ብትሰዱ አየሩ አያቃጥላችሁም፣ ብረቱን ብትነኩት ግን ወየው። አክሊሉ ውስጥ ቅንጣቱ እጅግ ስስ ነው። ዋናው ጠላት ቀጥታ የሚመጣው ብርሃን ሲሆን እሱን 11.4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የካርቦን ጋሻ ይመልሰዋል።

እና ይህ ነፋስ የት ይቆማል? ቬነስ ጋ አይቆምም። ምድርን አልፎ፣ ጁፒተርን አልፎ፣ ኔፕቱንንም አልፎ ይሄዳል። የሚቆመው ከሌሎች ከዋክብት መካከል የሚመጣው ጋዝ ሲገፋው ነው። ቮዬጀር 1 የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ያን ድንበር የተሻገረችው ኦገስት 2012 ላይ፣ ከፀሐይ 18 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ነው። ቮዬጀር 2 በኖቬምበር 2018 ተከተለች። ስምንቱም ፕላኔቶች የሚዞሩት በዚያ አረፋ ውስጥ ነው። ቢጫዋ ኳስ መካከለኛው፣ ጥቅጥቅ ያለው ክፍል ናት እንጂ የፀሐይ ዳርቻ አይደለችም። እኛ ፀሐይን ከውጭ ሆነን አናያትም፤ አየሯ ውስጥ ተቀምጠን ነው። "ቮዬጀር ከሥርዓተ ፀሐይ ወጣች" የሚለውን ርዕስ ግን በጥርጣሬ አንብቡት። ከነፋሱ ወጣች። ከስበቱ ለመውጣት ገና ብዙ ሺህ ዓመታት ይቀሯታል።

ማዕበል ሲመጣ

ሥዕሉ እንዲህ ከተስተካከለ የፀሐይ ማዕበል ተአምር መሆኑ ይቀራል። ነፋስ ካለ ማዕበል አለ። የተወጣጠረው የመግነጢስ ቋጠሮ ሲበጠስ ሦስት ነገር ይመጣል፣ በሦስት ፍጥነት። መጀመሪያ ብርሃኑ፤ ኤክስሬይን ጨምሮ በ8 ደቂቃ ይደርስና በቀን ላይ ባለው የምድር ገጽታ የአጭር ሞገድ ሬዲዮን ያውካል። ቀጥሎ የፈጠኑ ቅንጣቶች፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሰዓታት ባለው ጊዜ። መጨረሻ ላይ ቢሊዮን ቶኖች የሚመዝን ፕላዝማ ከነመግነጢሱ ተገንጥሎ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ይወስድበታል። አውሮራውን የሚያመጣው ይህ ሦስተኛው ነው። ከምድር መግነጢስ ጋር ሲጋጭ ቅንጣቶች በዋልታዎቹ በኩል ይወርዱና አየሩን ያበሩታል፤ አረንጓዴውም አብዛኛው ቀዩም የኦክስጅን ነው።

በታሪክ ትልቁ የሚባለው ሴፕቴምበር 1 ቀን 1859 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን በቴሌስኮፕ ነጠብጣብ ሲስል ያየው ፍንዳታ ነው። 18 ሰዓት ሳይሞላ ማዕበሉ ደረሰ። የቴሌግራፍ ሽቦዎች ብልጭታ ተፉ፤ አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ቴሌግራፈኞች ባትሪውን ነቅለው ሽቦው ራሱ በያዘው ኤሌክትሪክ መልእክት ተላላኩ። ማርች 13 ቀን 1989 ካናዳ ኩቤክ ላይ የኤሌክትሪክ መስመሩ በ90 ሴኮንድ ገደማ ተዘጋ፤ 6 ሚሊዮን ሰው ለ9 ሰዓት ጨለማ ውስጥ ቆየ። በ2022 ፌብሩዋሪ የመጣው ማዕበል ደግሞ ይሄ ነው የሚባል አልነበረም። ግን የላይኛውን አየር አሙቆ አሳበጠውና፣ ኢንተርኔት በሳተላይት የሚያቀርበው ስታርሊንክ ያኔ ካመጠቃቸው 49 ሳተላይቶች እስከ 40 የሚደርሱት አየሩ ጎትቷቸው ወድቀው ተቃጠሉ። የ2024ቱ ከ2003 ወዲህ ከፍተኛው ደረጃ የተሰጠው ነው። ያመጣው ጉዳት ምን ነበር? አሜሪካ ውስጥ በጂፒኤስ የሚነዱ ትራክተሮች መስመር ስተው ገበሬዎች ዘር መዝራት አቆሙ። ዓለም አላለፈም።

ታዲያ የሚያሰጋው ምኑ ነው? ረጅም ሽቦ። ማዕበሉ መሬት ላይ ኤሌክትሪክ የሚቀሰቅሰው በመቶ ኪሎ ሜትሮች በተዘረጋ መስመር ውስጥ ነው፤ ትልልቅ ትራንስፎርመሮች ሊቃጠሉ ይችላሉ። ሳተላይትና ጂፒኤስም ይጎዳሉ። ስልካችሁን ማጥፋት ምንም አይፈይድም፤ ኪሳችሁ ውስጥ መቶ ኪሎ ሜትር ሽቦ የለም። መሬት ላይ ያለ ሰው ጤናውም አይነካም፣ አየሩና መግነጢሱ ይከልሉታል። ከከለላው የወጣ ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኦገስት 1972 ላይ ከባድ ማዕበል መጣ፤ ሰዎችን ወደ ጨረቃ የወሰደችው አፖሎ 16 በኤፕሪል ተመልሳለች፣ አፖሎ 17 የሄደችው በዲሴምበር ነው። መሃል ላይ ባይሆን ኖሮ የጨረር ነገር ያሰጋ ነበር። ማርስም ምስክር ናት። መላዋን የሚከልል መግነጢስ ካጣች ቢሊዮኖች ዓመታት ሆኗታል፤ ያኔ የነበራት ወፍራም አየር ብዙው በዚሁ ነፋስ ተጠርጎ ሄዷል።

ርቀት ብቻውን አይወስንም

ስለ ፕላኔቶቹ አንድ በአንድ አላወራም፣ ሠንጠረዡ የትም አለ። አንድ ስህተት ግን ላንሳ፤ ለፀሐይ የቀረበ ሁሉ ይበልጥ ይሞቃል የሚለውን። ሜርኩሪ ቀን 430 ዲግሪ ደርሶ ሌሊት ከዜሮ በታች 180 ይወርዳል፣ ሙቀቱን የሚይዝለት አየር የለውም። ቬነስ ወደ እጥፍ ርቃ ሳለ ቀንም ሌሊትም 465 ዲግሪ አካባቢ ናት። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ብርድ ልብሷ ነው።

በየዓመቱ ጁላይ ላይ ደግሞ "ምድር ከፀሐይ እየራቀች ስለሆነ ከባድ ብርድ ይመጣል፣ ተጠንቀቁ" የሚል መልእክት ይዞራል። መራቋ እውነት ነው። ጁላይ መጀመሪያ ላይ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ ጃኑዋሪ መጀመሪያ ላይ 147 ሚሊዮን። ልዩነቱ 3 በመቶ ገደማ ነው፣ በየዓመቱም ያው ነው። በምትርቅበት ወር ግን ሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በጋው ላይ ነው። ወቅት የሚለዋወጠው ምድር 23.4 ዲግሪ ዘንበል ብላ ስለምትዞር ነው። ይህን መልእክት የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ እባካችሁ በትህትና ንገሩት።

ቁጥሮቼን ማመን የለባችሁም፣ ለኩ። ፀሐይን በዓይናችሁ፣ በመነጽር፣ በስልክ ካሜራ ወይም በባይኖኩላር እንዳታዩ፤ ዓይን ሲቃጠል አያምም፣ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። ጠንካራ ካርቶን በመርፌ ብሱ። ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡና ብርሃኗን በቀዳዳው አሳልፋችሁ 2 ሜትር ራቅ ያለ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉት። የምታዩት ክብ የቀዳዳው ቅርጽ አይደለም፣ የፀሐይ ምስል ነው። ስፋቱን በማስመሪያ ለኩ፤ ወደ 19 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 19ን ለ2,000 አካፍሉ፣ በ150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አባዙ። 1.42 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ወጣላችሁ። ትክክለኛው የፀሐይ ስፋት 1.39 ሚሊዮን ነው። የተረፈችው የቀዳዳው ስፋትና የጠርዙ ብዥታ ናት፤ በቀጭን መርፌ ድገሙት።